ደረጃ

ሊማ ዝናብ አታውቅም፤ ጭጋግ ግን አታጣም፤
ልብስ ያረጥባል እንጂ በርሜል አይሞላም፣ አይጠጣም።
ማክሰኞና ዓርብ የውሃው ቦቴ ይመጣል፣
ከኮረብታው ግርጌ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል።
እኛ ከላይ፣ በባልዲ፣ በጀሪካን፣ በድስት፣
አሸዋው ከእግራችን ስር ሲከዳን በድንገት፣
እንወርዳለን በቂጥ፣ እንወጣለን በጉልበት፤
ከቀዳነው ግማሹን ይጠጣዋል ዳገት።

በሰኔ፣ አንድ ሌሊት፣ ሴናይዳን ምጥ ያዛት።
አራት ሆነን በብርድ ልብስ ስናወርዳት
ሳቱርኒናን አዳለጣት፤
አንዱ ጥግ ከእጃችን ወጣ።
ልጁ እዚያው ተወለደ፣ ድንጋይ ላይ፣ በባትሪ ብርሃን።
አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሽቅብ ሲሮጥ ፍየል ነው።
እናቱ ግን ከዚያን ሌሊት ወዲህ
ግራ እግሯን ትጎትታለች።

ማዘጋጃ ቤት ሄድን፣ አሥራ አንድ ሴቶች፣ ሁለት ሕፃን ታቅፈን።
ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ካርታ ዘረጋ፣
ጣቱን አዞረ፣ አዞረ፣ አጣን።
«ሰፈራችሁ» አለ፣ «ደረጃ የለውም።»
ኤርመሊንዳ ሳቋ አመለጣት፦
«ጌታዬ፣ እኛስ ምን ልንል የመጣን መሰለዎት?»
እሱ አልሳቀም።
ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ መልሶ ቆለፈበት።

እሑድ ጀመርን።
ከየቤቱ በሳምንት አንድ ሶል፤ ሶል የሌላት እንቁላል፤
እንቁላል የሌላት ትከሻ።
ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦
ቶሪቢያ፣ ሦስት ባልዲ አሸዋ፣ አንድ ስድብ ለባሏ።
ሳቱርኒና፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፤ ከየት እንዳመጣችው አልተጠየቀም።
ሴናይዳ፣ ተቀምጣ ጠጠር ትለቅማለች።

ወንዶቹ ከየደጃቸው ሆነው ያዩናል።
«ሴት የሠራችው ደረጃ» አለ አንዱ፣
«ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይወስድም።»
ቶሪቢያ አካፋዋን ሳታስቀምጥ
«ላንተ ይበቃሃል» አለችው፤ «መጠጥ ቤቱ እታች ነው።»
በሳምንቱ እሱም አካፋ ይዞ መጣ፤
ስሙን ጻፍኩ፣ በትንሹ።

ሲሚንቶ እጅ ይበላል፣ ሌሊቱን ያሳክካል፤
የልጅሽን ጉንጭ ስትዳብሺ ልጅሽ ይሸሻል።
ደግሞ ጎህ ሲቀድ ትነሻለሽ፣ ወገብሽ እንደ ታሰረ፣
ትናንት የረገጥሽው አሸዋ ዛሬ ድንጋይ ሆኖ ካደረ
ሕመሙን ትረሺዋለሽ፤ ወይም የረሳሽው ይመስልሻል።

መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ላይ ሲሚንቶው አለቀ።
እስከ ኤውዶሲያ በር አሥራ ዘጠኝ ቀረን።
ኤውዶሲያን ማን ይጠይቃታል? አንዲት ሶል ሰጥታ አታውቅም።
በስሟ ትይዩ ባዶ ነው፤
እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ በቀይ አስምሬበታለሁ።

በማግሥቱ በሯ ተከፍቶ አገኘነው።
ከአልጋዋ ስር ስድስት ከረጢት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ።
«የመቃብሬ ነበር» አለች፤
«ልጄ እንዳይቸገር፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ገዛሁ።
ስሞት መሸከማችሁ አይቀርም፤
ያን ጊዜ ከምትጥሉኝ፣ አሁን ርገጡኝ።»

ሁለቱ ከረጢት ከርመው፣ ደርቀው፣ ድንጋይ ሆነዋል።
እንዳሉ ተከልናቸው፤ የመጨረሻው እርከን እነሱ ናቸው፤
የከረጢቱ እጥፋት እስከ ዛሬ ይታያል።
ማታ ቀዩን መስመር ልፍቅ ሞከርኩ፤
ወረቀቱ ተቀደደ።
ኤውዶሲያ ደብተሬ ላይ ቀዳዳ ናት።

ባለፈው ወር የካርታው ሰውዬ መጣ፣ ጫማው ተወልውሎ።
መቶ አርባኛው ላይ ተቀመጠ፤ ትንፋሹን አጣ።
ኤርመሊንዳ ከበርሜሏ ቀድታ አጠጣችው።
«ሁለት መቶ ስድስት» እያለ ይጽፋል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤
ስለ ቧንቧው ስንጠይቀው ግን ብዕሩን ከደነ።

ውሃው አሁንም እታች ነው።
እኔም ደብተሬን አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ፦
ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣
ያልተከፈለ።