ቀለል ያለ ጎጆ

ናታኒያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባሕሩ በግማሽ የሚታይበት ቤት፣
የሚስተር ፐርልማን ማድ ቤት።
ፍሪጁ፣ የሐኪም ወረቀት በማግኔት ተለጥፎበታል፤
«ስብ የለም፣ ጨው የለም» — ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ከመሳቢያው ደግሞ የሟቿ ካርድ ወጣ፣
ከሊድስ ከተማ በሻንጣ የመጣ፣
የሙሪየል ጽሕፈት፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ያለ፣
ጥጉን ስብ አውዝቶት ሃምሳ ዓመት የዋለ።
«ሁለት ኪሎ ድንች። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከነስቡ።
ማርጋሪን፣ እጅ ሳይሰስት።» (ቅቤማ ድሮም የለ፣
ሥጋና ወተት በዚህ ቤት አይቀራረቡ።)
ልጄ ናት በስልክ ያነበበችልኝ፣ እየሳቀች፦
«ኢማ፣ ይሄን ምግብ ጎጆ ይሉታል፤ ክዳን አለው» አለች።

ጎጆ!
ሥጋው ግድግዳ፣ ድንቹ ክዳን፣
በሹካ ጥርስ ተበጥሮ ሣር እስኪመስለን።
በእኛ አፍ ጎጆ ይወጣል፣ ጎጆ ይቀለሳል፤
በእነሱ አገር ጎጆ በማንኪያ ይጎረሳል።

እንግዲህ ጎጆ እንዴት ይቀላል?
ምሰሶው ሳይነቀል ማገር እንዴት ይቀነሳል?

ሥጋውን በግማሽ አስቀረሁ።
በጎደለው ምስር ሞላሁ፣ ድፍኑን፣ ቡናማውን፣
ሲበስል የማይፈርሰውን፣ የሚያቆመውን ግድግዳውን።
ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላሁ — ይሄንስ ማንም አያስተምረኝ፤
ጦስኝ ግን ካርዱም ላይ አለ፤ እዚያ ላይ ሙሪየል አገኘችኝ።
የድንቹን ቦታ አበባ ጎመን ወሰደ፣ በእንፋሎት በስሎ ደቀቀ፣
በወይራ ዘይት ጠብታ ለስልሶ ነጣ፣ ደመቀ።

ከዚያ እንጉዳይ።
ሥጋ ሲጎድል ጣዕም የምትሞላ፣ ነጎድጓድ ያበቀላት።
ስሜ ነች።
እናቴ በክረምት ወልዳ እንጉዳይ ብላ ጠራችኝ፤
አየር ማረፊያው ላይ አንዲት ጸሐፊ፣ ቀና ሳትል፣ ኢላና ብላ ጻፈችኝ።
ስሜን በቢላ ከተፍኩት፣ አድቅቄ፣
ከሥጋው ጋር አዋሃድኩት፣ ለራሴ ስቄ።

ሳምንቱ የዳስ በዓል ነው። ላዩ ክፍት በረንዳ ላይ
ሸራና ዘንባባ ተጥሏል፣ ሰማይ እንዲታይ።
ሚስተር ፐርልማን ሹካውን አነሳ፤ ክዳኑን ገፋ አድርጎ አየው።
በሊድስ በኩል በተሰበረ ዕብራይስጥ
(የእኔም ስብር ነው፣ በሌላ በኩል ነው)
«ይሄ ጎጆ አይደለም» አለ፤ «ክዳኑ ነፋስ ያስገባል።
ይሄ... ዳስ ነው።»
ዝም አለ። ቀና ብሎ በዘንባባው መሃል ኮከብ ያያል።

በእኔ ቋንቋ ዳስ ለሠርግም ይጣላል፣ ለለቅሶም።
አልነገርኩትም።
ከፋሲካ ወዲህ ይህ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ
ዳስ ውስጥ እንደተቀመጠ ግን አልጠፋኝም።
«እኔም» አልኩት፣ «ሰባት ዓመት ካራቫን ውስጥ ኖሬያለሁ፤
ዝናብ ሲመታው ከበሮ ነው። ግን ቤት ነበር። አውቃለሁ።»

ጎረሰ። አላመጠ። ጉንጩ ውስጥ የሆነ ነገር ፈለገ።
«ሥጋ ነው?»
«ግማሹ።»
«ይሄስ?»
«እንጉዳይ» አልኩት በአማርኛ። «እኔ ነኝ። ስሜ።»
ሁለት ዓመት ኢላና ሲለኝ የኖረ ሰው ሹካውን አስቀመጠ፤
«እን... ጉ...» ምላሱ ዳገት ላይ እንዳለ አህያ አማጠ።
ሳቀ። ስንት ወር ያልሳቀው ሰውዬ!
ከዚያ ጨው ጠየቀ።
«ሐኪሙ ተኝቷል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
በሁለት ጣት ሰጠሁት፣ እንደ ጉቦ፣ ተሸሽጎ።

ማታ ሳህን አጥቤ ካርዱን ገለበጥኩት፤
በጀርባው በእስክሪብቶ የራሴን ጻፍኩት፦
ምስር፣ ግማሽ ኩባያ። እንጉዳይ፣ አንድ እፍኝ።
ስብ ያወዛው ጥግ ላይ ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል፤
አምፖል ሥር ስይዘው የእሷ ፊደል በእኔ ፊደል መሃል ያልፋል።
የእሷ ማርጋሪንና የእኔ ምስር ተደራርበው
ለማንበብ ያስቸግራል።
እንዳለ መለስኩት፣ ወደ መሳቢያው።