የወደቀው ግንድ

አሥራ አንድ ስልክ በአንድ ማዳበሪያ፣
ተቋጥሮ ቀረ ከዘበኛው ማደሪያ።
«ከእንግዲህ ኋላ ነኝ፣» አሉ ኦቦ ጉደታ፤
«ምሩኝ በየተራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።»

መጀመሪያ ተራው የሶልያና ሆነ፤
የኮምፓሱ መርፌ እንደ ዝንብ ባከነ።
ከአያት ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ዝግባን ከጽድ ለይታ የማታውቅ፣
ቀኝ አለች፣ ቀኝ ሄድን። ግራ አለች፣ ግራ።
ጭቃው ጫማ በላ፤ ጉሬዛው አጓራ።
ኬብሮን ስድስት ሃይላንድ ውሃ ተሸክሞ፣
በየዳገቱ ላይ ቆመ ደጋግሞ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ያ የወደቀ ግንድ፣
ለሦስተኛ ጊዜ ተጋደመ ከመንገድ።
ማንም ትንፍሽ አላለም።
ኦቦ ጉደታ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው፣
ሰማይ ሰማይ ያያሉ፣ ምንም እንዳላዩ ሆነው።

ሶልያና ዞረች፣ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፤
«ጠፍተናል፣» አለችን፣ «በእኔ ነው፣» ድምጿ ሳይናጋ።
ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ስንጋራ፣
ይህን ቃል አልሰማሁም፣ ከእሷም ከእኔም ጎራ፣
ከመምህርም ቢሆን።

ያኔ ነው ቆሏቸውን ለሁላችን ያካፈሉን፤
«አሁን ጉዞ ተጀመረ፣» ብቻ ያሉን።

ማታ፣ ከወጨጫ ወገብ፣ ከተማው በርቶ አየን፤
ከድንኳኑ ደጅ ቆመን ቤታችንን በጣት አመለከትን፤
ያ ለቡ፣ ያ ጀሞ፣ አያትም ከጭጋጉ ማዶ።
ሶልያና ብቻ ለብርሃኑ ጀርባ ሰጥታ፣
ጫካውን ታያለች ድምጿን አጥፍታ፤
ያ የወደቀ ግንድ የት ላይ እንደነበር፣
በጣቷ ትለካለች፣ ከጨለማው ዳር።