ተበዳሪ

(የዕድ ውኃ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

መስኮቴ ጠባብ ናት፣ እጅ ብቻ ታሳልፋለች፤
የውዲቱ እጅ ገባች፣ ካርዷን አስቀመጠች።
ሰማያዊው ለቅቋል፣ ዳሩን ላብ በልቶታል፤
«ዘንድሮ አልታደሰም፣ በጀቱ ተቆርጧል።»
«አቅም ለሌላቸው መንግሥት የሚከፍለው
እስኪገለጽ ድረስ . . .» ይላል ደብዳቤው።

ስኳር አለባት። መርፌዋ ቀጠሮ አያውቅም፤
ስንዴውም ቀንሷል፣ ዘይቱማ የለም፤
አሥራ አምስት የነበረው ኪሎ፣ አሁን ሰባት ተኩል፣
እሱንም ከልጅ ልጇ ጋር፣ ስፍር በስፍር፣ እኩል።

«ነገ ብሞት» አለች፣ «ዕድሩ መች ይታማል፣
ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤
ብር የጠፋው፣ አንማው፣ ለመዳኔ ብቻ ነው።»
እሑድ ከዕድሩ ቆሜ ይህንኑ ደገምሁት ለሰው።

ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ሰው ይይዘዋል፤
የስንሻው ዞረ፣ የጥሩዬም ዞሯል፤
መንበሩ ግን እጁን ከኪሱ አላወጣም፤
«ቀብር ቢመጣስ?» አለ። መልስ የሰጠው የለም።

ውዲቱ ከኋላ ተነሣች፤ ሳል ያዛት፤ ከዚያ፦
«ምጽዋቱን ተዉት ወዲያ፤
ብድር ብላችሁ ጻፉት፣ የአሥራ አንዳችንን መድን።»
መዝገቡን ገለጥን።

ጸሐፊው ቀና አለ፦ «ተበዳሪው ማን ልበል?»
«ወረዳውን ጻፈው። ቀኑንም አትዝለል።»

በመንበሩ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ።
ሰኞ፣ በደብዳቤያቸው ጀርባ፣ ዕዳቸውን ጻፍሁ።