ወራጅ አለ

ማታ አምስት ሰዓት ሲል የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ወረደች፣
የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሄደች።
አጎቴ ካኑቶ ጂፕኒውን ድልድዩ ሥር አቆመ፣
ሞተሩ ከጠፋም በኋላ እንደ ሽማግሌ ጥቂት አጉተመተመ።
«መሽናት ክልክል ነው» ይላል የምንጠጋበት ግድግዳ፤
ቀለሙን ያደበዘዘው አላፊ አግዳሚው እንግዳ።

የዝናብ ላስቲኩን በቀኝ በግራ አወረድን፣
ገመዱን ከብረቱ አሰርን፤
በቃ። ቤት ሆነ።

ሁለት ረጃጅም ወንበሮች፣ ፊት ለፊት ሲተያዩ የዋሉ፣
ቀን የሰው ጉልበት ያጋጫሉ፤ ማታ አልጋ ነን ይላሉ።
ቀኙ የሱ ነው፣ የኔ ግራ፤
መሀል ላይ ጫማችን፣ ለጠዋት ውሃ የሞላ ባልዲ፣
ትንኝ የምናባርርበት ካቶል፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ተራ በተራ።

ቆዳው ገና አልበረደም።
ማን ነበር እዚህ የተቀመጠው? ዓሣ የያዘችው ሴት?
ዩኒፎርሙ የጠበበው፣ ሲያንቀላፋ የነበረው ዘበኛ?
ማንም ይሁን፣ እሱ ባሞቀው ላይ ነው ጎኔን ጥዬ የምተኛ፤
በዚህ ከተማ ኪራይ ያልተጠየቀበት ይኸ ብቻ ነው ለኛ።

አጎቴ በባትሪ ብርሃን ሳንቲም ይለያል፣
ከኋላ ወንበር በሰው መዳፍ ተቀባብሎ የመጣ፤
ይኸ የባለንብረቱ ገቢ፣ ይኸ የናፍጣ፣
ይኸ ደግሞ ለትራፊኩ፣ ምናልባት ነገም ከመጣ።
የተረፈው የኤርሊንዳ ነው። የተረፈው ሁልጊዜ ቀጭን ነው።
ጠቅልሎ ካልሲው ውስጥ ይከተዋል፤
«እየረገጥኩት ካደርኩ ማን ይወስደዋል?» ይላል።

ገና አዲስ ሳለሁ፣ «ቤት ለምን አንከራይም?» ብዬው ነበር።
«አምስት ሰዓት ለማይሞላ እንቅልፍ
የወር ኪራይ እንገፍግፍ?
ደሞስ ከዚያ እስክንደርስ፣ ኩባኦ ላይ
ወረፋውን ማን ይጠብቅልናል?»
አላሳመነኝም። ተኛሁ ግን።

በመኪናው ጎን፣ በቀይና በቢጫ፣ ሊዋይዋይ የሚል ተጽፏል፣
ጎህ ማለት ነው፤ የልጁ ስም። መኪናው የሱ በነበረ ጊዜ አስጽፎታል።
በኋላ ለሐኪም ቤት ብሎ ሸጠው፤ በማግስቱ መጥቶ ተከራየው፤
ገዢው «ለማጥፋትም ቀለም ይገዛል» ብሎ ስሟን ተወው።
ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አሁን ቁመቷ ከኔ ይበልጣል፤
ፊቷን በወር ሁለቴ ያያል፤ ፊደሎቿን ግን በየጠዋቱ ያብሳል።

በኛ መኪና መውረድ የፈለገ ጣሪያውን በሳንቲም ያንኳኳል፤
አንዴ ከተመታ አጎቴ ፍሬን ይይዛል።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ።
መጀመሪያ አንድ ጠብታ፦ ኳ።
አጎቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ቀኝ እግሩን ዘረጋ።
ፍሬን የለም፤ ባልዲው ነበረ። ተገለበጠ።
ኳ። ደግሞ ረገጠ።
ከዚያ ዶፉ ወረደ፣ መቶ ሰው፣ ሺህ ሰው ባንድ አፍ፣
ማኒላ በሙሉ ጣሪያችን ላይ፦
ወራጅ አለ! እዚህ ጋ! ወራጅ!
ከመብራቱ አለፍ ብለህ! ወራጅ!
እሱም አቆመ፣ አቆመ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያሳልፍ፣
ባቱ እስኪንቀጠቀጥ።

ልቀስቅሰው አልኩ። ቢነቃስ? ያው መንዳት ነው፤
በሕልሙ ቢያንስ ናፍጣው የነጻ ነው።
ተነሥቼ የልብስ ሻንጣዬን እግሩ ሥር ወሸቅሁለት፣
ሲረግጥ ባዶ እንዳይሆንበት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ሻጩ ልጅ ብረቱን በጥፍሩ መታ።
አጎቴ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ጉንጩ ላይ የወንበሩ ስፌት ታትሟል።
«ስንት ሰው ቀረ?» አለኝ።
«ሁሉም ወርዷል።»
ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ያለው መሰለ፤
ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ፣
ውሃ ሞልቶት ነበር።