በሃምሳው ረቡዕ

ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ፋሲካ ካለፈ፤
ረቡዕ እንደ እሑድ፣ ቅቤ ላይ ተንሳፈፈ።
ሐዋሳ ወረድኩኝ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፤
ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ "የጾም አለ ወይ?"

የመጀመሪያው ሳቀ፤ "ወንድሜ፣ በሃምሳ?
ጾም ቢሆንም እንኳን፣ እዚህ ይበላል ዓሣ።"
ሁለተኛው በሐዘን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ስኳር ነው? ደም ግፊት?" አለ ሕመም ፈልጎ።
ሦስተኛው ሰላጣ፣ አመጣ በእንቁላል፤
"ደም የለው፣ ነፍስ የለው፣ ምን ሥጋ ይባላል?"

ከአሞራ ገደል ማዶ፣ ቤቷ አራተኛ፤
አባ ኮዳው በር ላይ፣ ቆሟል እንደ ዳኛ።
"ጾመኛ አይደለሁም፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣
ከእንስሳ የመጣ አልበላም" ስላት፣ አየችኝ።
ዳንጊሴ ሜኑውን፣ ገልጣ ገልጣ ዘጋች፤
ቅቤ ያልነካው ድስት፣ በልቧ ፈለገች።

"ለእንግዳ አይቀርብም፤ የኔ ምሳ ግን አለ፣
ዋሳ ነው፣ ጎመን ነው፣ በዘይት የበሰለ።"

ከፍላ ሰጠችኝ።
ሂሳብ አልጻፈችም።
ለምን እንደማልበላም አልጠየቀችም።

ስወጣ ግን ጠራችኝ፤
"ነገም ካለህ እዚህ፣ በጠዋት ንገረኝ፤
ድርብ እቋጥራለሁ፤
ዛሬስ ርቦኛል" አለች፣ እየሳቀችብኝ።