ውሮ

ፒያሳ፣ ከሲኒማው ደረጃ ሥር፣
ክንድ ተኩል በማትሞላ በር፣
የቆመ ሰዓት እከፍታለሁ፤
ጥርሱን በወረንጦ ለቅሜ፣ ዘይት አቅምሼ እዘጋለሁ።

ማክሰኞ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ውድነሽ ቅርጫት ታቅፋ መጣች፤
«የአንገቷ ዘለበት ወልቆ ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።
ክዳኑን ገለጥ ባደርገው፦ ዐይኗ አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ፣
ጠጕሯ ሥሩ ወርቅ ጫፉ ጥላሸት፣ እንደ ዐቃቤ ሕግ ዝም ብላ መርማሪ።

«‹ያገራችሁ ልጅ ናት› ይላሉ እትዬ» አለች ውድነሽ እየሣቀች፤
«ዘሯ አቢሲኒያ ይባላል፤ አምና በአውሮፕላን ነው የገባች።»
ፓስፖርቷን አሳየችኝ፤ ሰማያዊ፣ ማኅተም የሞላ፤
የእኔ መታወቂያ ወረዳ ላይ ነው፤ «ነገ ና» ካሉኝ መንፈቅ ሞላ።

«ውሮ» አልኳት። ጆሮም አልሰጠች።
«አይልፉ ጋሼ፤ በፈረንጅ አፍ ነው ያደገች።»

ወሬ ፒያሳ ላይ እግር አለው፤ ሊስትሮው ሣጥኑን ጥሎ መጣ፤
ሐጂ ሙዘይን ከወርቅ ቤቱ ማጉያ መነጽሩን ይዞ ወጣ።
«በኖኅ መርከብ አይጥ ቢበዛ፣» አለ፣ «አንበሳው አነጠሰ፤
ድመት ካፍንጫው ዱብ አለች፤ የአይጡም ነገር በዚያው አነሰ።
አገሯን ለምን ትጠይቃላችሁ? መርከብ ላይ ነው የተፈጠረች፤
መርከብ አገር የለውም፤ ውሃው ሲጎድል ነው የወረደች።»

ጡረተኛው ሻምበል ጓንጉል በምርኩዙ ደረጃውን መታ፦
«ምን መርከብ ታወራለህ! ከመቅደላ ነው፤ የእንግሊዝ ወታደር ማታ
ካፖርቱ ውስጥ ወሽቆ፣ ከጽላትና ከብራና ጋራ
የሰረቃት ናት! እስከ ዛሬ ማን ፈለጋት? ማን ተጣራ?»
ተረከዙን አጋጭቶ ለድመቷ የወታደር ሰላምታ ሰጠ፤
ሣቅ ሊያመልጠን ሲል ዐይኑን አየን፤ ሣቃችን ተቋረጠ።

ፈትለወርቅ፣ የፋርማሲዋ ልጅ፣ ዐይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፦
«ደሟ ሲመረመር ከሕንድ ዳርቻ ነው፤ ይኸው ጽሑፉ፣ እንዲህ የሚል።»
«ታዲያ ምነው ሕንድ አላሏት?»
ሐጂ ዕድሜውን ወርቅ መዝኗል፦ «ልጄ፣ ዕቃ በሩቅ ስም ነው የሚወደድ፤ ገዢ ባላየው አገር ስም ለበጧት።»
«ዘር ከልጓም ይስባል!» አለ ሻምበል። «ዘሩ ሲታወቅ ነዋ!» አለች ፈትለወርቅ።
የእኛይቱ፣ ጆሮ ቀዳዳዋ፣ የልኳንዳው በር ጠባቂ፣ መጥታ አሸተተቻት ሳትጠነቀቅ።
የእሷን ዘር ማንም አልጠየቀ።

ሊስትሮው ወደኔ ዞሮ፦ «ጋሼ፣ እርስዎስ አገርዎ የት ነው?»
ወረንጦዬ አየር ላይ ቀረ። የወረዳው ፎርም ላይ ባዶ የተውኩት መስመር ይህ ነው።
አባቴ በአንድ ስም ከተማ ገባ፣ በሌላ ስም ተቀበረ፤
እናቴን ከየት ነሽ ብላት ሦስቴ መለሰች፤ ሦስቱም ለየቅል ነበረ።

ዝናቡ ሰዉን በተነ። ውድነሽ ጃንጥላ ልትዋስ ሮጠች፤
ዘለበቱን ገጠምኩ፤ ድመቷ ብቻ ቀርታ ፈጠጠች።
ሠላሳ ሰዓት ግድግዳው ላይ፣ አንዱም ካንዱ አይስማማ፤
«ውሮ» አልኩ፣ ልጠይቃት አይደለም፣ እንዲያው ድምፄ እንዲሰማ።

የቀኝ ጆሮዋ ዞረ።
ወይም የሻምበል ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ቆሞ የኖረው
ያን ጊዜ መምታት ጀመረ።