ምትክ ዕቃ

ጠባሴ ላይ አመዳዩ ጣሪያውን ሲያነጣ፣
ጋሽ እርገጤ ጋራዡን ከፍቶ በካፖርት ወጣ።
ሞተሬን ዞራት፣ ጎንበስ ቀና ብሎ፤
ጥርሷን ማየት ቀረው፣ እንደ ገበያ በቅሎ።
«ስንት አወጣህባት?» አለኝ።
አልነገርኩትም። ለሚስቴም አልነገርኩ።

ቀይ ጉዚ ናት፣ የጣሊያን ልጅ፣ ከጉምሩክ ሐራጅ የወጣች፣
ከሦስት ጌታ እጅ ተርፋ እኔ ዘንድ የመጣች።
ሁለት ሲሊንደሯን እንደ ክርን አውጥታ፣
ሰልፍ እንደምትጋፋ ሴት ግራ ቀኝ ዘርግታ፣
ጋራዡን አጠበበችው ገና ከደጅ ገብታ።

መስታወቷ የባጃጅ፣ ፍሬቻዋ የቻይና፤
ማርሚታዋን የበየዳት የሮቢት ቀጥቃጭ ነውና
ሲያስነሷት ትስላለች።
ኮርቻዋ የሶፋ ልብስ፤ አበባው እንኳ አልጠፋም።
«ኦርጅናል የቀራት» አለ እርገጤ፣ «ስሟና ኩርፊያዋ ነው፤
ሌላው ሁሉ የእንጀራ ልጅ ነው።
ግድ የለም፣ እናለማምደዋለን።»

ከኮርቻዋ ሥር ዘይት የጠጣ መጽሐፍ ወጣ፤
ጣሊያንኛ። የሚያነበው ታጣ።
የልጁ ልጅ ስንዱ፣ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል፣
ፊደሉን እንደ ምስር ጠጠር አንድ በአንድ ስትለቅም፦
«ካን... ዴ... ላ። ቡ... ሎ... ኔ። ዳ... ዶ።»
የአሥራ ሦስት ቁልፍ ከእርገጤ እጅ ወደቀ።
«ይሄማ» አለ፣ «የአባቴ አፍ ነው!
አባቴ፣ ጣሊያንኛ የማያውቀው!»

አባቱ ጣርማ በር ሲበሳ ድንጋይ ተሸካሚ ነበር፤
በጎኑ ድማሚት፣ በጀርባው ብርድ፣ በፊቱ የተራራ ግንባር።
ከዋሻው ይዞ የወጣው ሳል ነበርና ጥቂት ቃል፤
ሳሉ ቀበረው፤
ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ቡሎን ይፈታል።

ሞረድነው፣ ጫፉን ቆረጥነው፣
የቡሎኔን ጥርስ ለጥርሳችን አስተካከልነው።
«ታዲያ ኦርጅናሉ የማን ነው?» አለች ስንዱ።
«ዝም ብለሽ አንብቢ።»

ከሰዓት ካርቡራቶሩን ፈታነው።
«እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን ሲበዛባት ትታፈናለች፤
ሮቢት ስትወርድ ደግሞ ይጠማታል፤ ትነዳለች።»
ጅግለሩን በሽቦ ጠርጎ፣ በአፉ ነፋ፤
ደጋንም ቆላንም እኩል የሚያስከፋ
ልክ አገኘላት።

ፍሬኗ ግን የለም። አገሩ ላይ የለም።
ከአይሱዙ ሸራ በመጋዝ ቆርጦ፣
በሞረድ አሳስቶ፣ ጣቱን ሁለቴ ልጦ
ገጠመው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«ቁልቁለት ለሚወርድ ስንቁ ምን ሊረባ፣
ፍሬን ያግኝ እንጂ ደብረ ሲና ሲገባ።»

ጣርማ በር ላይ ጉም የመንገዱን ጠርዝ ልሶታል።
ዋሻው ውስጥ ስገባ ድምጿ ዞሮ መታኝ፤
የዚያች ብየዳ ማርሚታ ነገር፣
የእርገጤ አባት የሚስል መሰለኝ።
ሁለቱ ካንዴላ በጉልበቴ ግራና ቀኝ ይበራሉ፣
ሰው ሳያያቸው።

ከዚያ ቁልቁለቱ።
አንደኛው ኩርባ፦ ያዘ።
ሁለተኛው፦ ያዘ፣ እያለቀሰ።
ሦስተኛው ላይ የጭነት መኪና ቂጥ፣ አንዲት አህያ፣
ከአህያዋ ወዲያ ባዶ ሰማይ፤
ከንፈሬን ነክሼ ጨበጥኩ።
ያዘ።
ድፍን ደብረ ሲና የተቃጠለ ሸራ ሸተተው።

ሙዝ ሻጮች መሃል ቆሜ ጠባሴ ደወልኩ።
«ፍሬንስ?»
«አገኘሁ።»
ዝም አለ። ሲተነፍስ ሰማሁት።
«አንድ ዳዶ ጎድሏል» አልኩት፣ «ከማርሚታው፣ በስተግራ።»
ከኋላው ገጽ ይገለጣል፤ የስንዱ ድምፅ፦
«ዳ... ዶ። አባባ፣ ገጽ አርባ ሁለት ላይ አለ።»